ይሰማል

አቶ ገዳሙ ደንቡን ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠጉና ጮክ ብለው አነበቡ። «የተማሪዎች ተወካይ በኮሚቴው ስብሰባ ላይ ይሰማል።» የመጨረሻውን ቃል ላላ አድርገው ነው ያነበቡት፤ «ጆሮው ደህና ነው፣ ይሰማል» ሲባል እንደሚነበበው። ከዚያ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው ወደ ፈውዚያ ዞሩ። ለመናገር ያነሣችው እጅ ገና አልወረደም ነበር።

«አየሽ ልጄ፣ አንቺ እዚህ የመጣሽው ልትሰሚ ነው» አሏት። «የሰማሽውን ለተማሪዎቹ ታደርሻለሽ። መናገሩን ለእኛ ተዪልን።»

ፈውዚያ እጇን አወረደች። ፊቷ ሲግል ተሰማትና ሂጃቧን እንደማስተካከል ብላ አቀረቀረች። የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ናት፤ ከአዋቂዎች ጋር ስብሰባ ስትቀመጥ ይህ የመጀመሪያዋ ነው። ሰኞ በሰልፍ ላይ «የከተማችን ቤተ መጻሕፍት አማካሪ ኮሚቴ የተማሪዎች ተወካይ» ተብላ ስትጠራ ያጨበጨቡላት ልጆች አሁን ቢያዩአት ምን ይሉ ነበር?

የኮሚቴው ስም ከሥራው ይረዝማል። ሰብሳቢው አቶ ገዳሙ ዕድሜያቸውን አማርኛ ሲያስተምሩ ኖረው፣ በመጨረሻም ርዕሰ መምህር ሆነው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው፤ ግማሹ ከተማ ተማሪያቸው ስለነበረ ዛሬም መንገድ ላይ ሲያልፉ ሰው ሲጋራውን ይደብቃል። ወይዘሮ ማሬ የቀበሌው ተወካይ ናቸው። ጋሽ አወቀ የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ ናቸው፤ መጽሐፍ የሚያውሱትም፣ አቧራውን የሚያራግፉትም እሳቸው ናቸው። የቀሩት ሁለት ሰዎች ደግሞ አቶ ገዳሙ ራሳቸውን ሲነቀንቁ አብረው ይነቀንቃሉ።

የዕለቱ ጉዳይ የጠፉ መጻሕፍት ነበር። ጋሽ አወቀ ጥፋቱ የራሳቸው ይመስል ወለል ወለሉን እያዩ ተናገሩ። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል የፊዚክስ፣ የኬሚስትሪና የሒሳብ መጻሕፍት ከመደርደሪያው አንድ በአንድ እየጎደሉ ነው፤ የቀረው ለአንድ ጠረጴዛ ልጆች እንኳን አይበቃም። ብሔራዊ ፈተናው ደግሞ ደርሷል።

«ማን እንደወሰደው እኮ ሁላችንም እናውቃለን» አሉ ወይዘሮ ማሬ። «ተከራዮቹ ናቸው።»

«ተከራዮቹ» የሚባሉት በጸጥታው ችግር ምክንያት ትምህርት ቤታቸው ተዘግቶባቸው ከየገጠሩ ወደ ከተማው የመጡ ተማሪዎች ናቸው። ለሦስት ለአራት ሆነው አንዲት ክፍል ይከራያሉ፤ ስንቃቸው በገበያ ቀን ከቤት ይመጣላቸዋል፤ ቤተ መጻሕፍቱ ሲከፈት ገብተው ሲዘጋ ይወጣሉ። ፈውዚያ እጇን ያነሣችው ስለ እነሱ ልትናገር ነበር። በር ላይ ቦርሳቸው የሚፈተሸው እነሱ ብቻ ናቸው። እሷንና ሌሎቹን የከተማ ልጆች ጥበቃው «እለፉ» ነው የሚላቸው። ታዲያ በገባ በወጣ ቁጥር ቦርሳው የሚገለበጥበት ልጅ መጽሐፍ በየት በኩል ያወጣል? ይህንኑ ልትል ነበር፤ ግን ሰሚ ነሽ ተባለች።

ኮሚቴው ወሰነ። መጻሕፍቱ እስኪገኙ ድረስ፣ ወላጆቹ የከተማው መታወቂያ ያላቸው ተማሪ ብቻ ይገባል። ውሳኔው ይጽና ወይስ ይነሣ የሚለው ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ በሚቀጥለው ስብሰባ፣ ሐሙስ ይታያል። አቶ ገዳሙ «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ብለው ስብሰባውን ዘጉ። ሁለቱ ሰዎች ራሳቸውን ነቀነቁ።

አማረ ከግቢው ውጭ፣ የአጥሩ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ይጠብቃት ነበር። የሰኔ ካፊያ ትከሻውን አርሶታል። ከዲማ በኩል የመጣ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነው፤ ከክፍሉ ልጆች በዕድሜ ይበልጣል፤ የሚበልጥባቸውን ዓመታት የበላቸው የተዘጋው ትምህርት ቤቱ ነው። ከፈውዚያ ጋር የተዋወቁት እዚሁ ቤተ መጻሕፍት ነው። እሱ ፊዚክስ ያስረዳታል፤ እሷ እንግሊዝኛውን ታርምለታለች። አንዳንድ የክፍሏ ልጆች «ከዚያ ፋራ ጋር» እያሉ ሙድ ይይዙባታል። እሷ ግን ከእነሱ መካከል አንዱ እንኳን እንደ አማረ ነገር አብራርቶ ሲያስረዳ አላየችም።

ውሳኔውን ነገረችው። ለእነ አማረ ክፍሏን ያከራየችው ሴትዮ ገና ዓይን ለዓይን መተያየት ሳያቅት መብራቱን ከቆጣሪው ታጠፋዋለች። ቀን ቀን ደግሞ ከሦስት ልጆች ጋር በሚያድርባት ክፍል ውስጥ ከፍራሽ በቀር መቀመጫ የለም። ቤተ መጻሕፍቱ ከተዘጋበት የሚያነብበት ቦታም፣ የሚያነበው መጽሐፍም የለውም። ፈውዚያ ይህን ሁሉ ስለምታውቅ ዓይኑን ማየት አቃታት።

«አንቺስ ምን አልሽ?» ሲል ጠየቃት።

ደንቡ መናገር እንደማይፈቅድላት ነገረችው። አንቀጹንም ቃል በቃል አለችለት፤ ልክ እንደ አቶ ገዳሙ አላልታ።

አማረ ፈገግ አለ። አያቱ የቅኔ መምህር ነበሩ፤ እሱም አስኳላ ከመግባቱ በፊት ጥቂት ከእግራቸው ሥር ተቀምጧል። ቃል ሲያገኝ መገልበጥ አመሉ ነው። እርጥቡ አፈር ላይ በጣቱ «ይሰማል» ብሎ ጻፈ።

«ፊደል ሲላላና ሲጠብቅ አያሳይም» አለ። «አላልተሽ ስታነቢው ጆሮ ይሰማል ነው። አጥብቀሽስ? ደወሉ ከሩቅ ይሰማል አትዪም? ተወካዩ ይሰማል፤ ሲናገር ያደምጡታል ማለት ነው። እኒያ ሰውዬ ሰሙን ነው ያነበቡልሽ። ወርቁ እዚያው ተጽፎ ተቀምጧል።»

ፈውዚያ ቃሉን በአፏ ውስጥ አመላለሰችው። አላላችው፤ አጠበቀችው። አንድ ፊደል ሳይለወጥ ትርጉሙ ተገለበጠ። እንዲህ ያለ ነገር በእጇ እያለ አንገቷን ደፍታ መቀመጧ አናደዳት።

«እንግዲህ ሐሙስ ካልከፈቱልን ቅዳሜውን አባቴ ለገበያ ሲመጣ አብሬው ወደ ዲማ እገባለሁ» አለ አማረ። ሱሪውን እያራገፈ ተነሣ። «ያለ መጽሐፍ እዚህ ተቀምጬ የአባቴን እህል ብጨርስ ምን ይረባል?»

«ፈተናውስ?»

«ይቀራላ።»

እንደ ቀላል ነገር ነበር ያለው። ፈውዚያ ግን ትምህርት ቤቱ ተዘግቶ ያለፉበትን ሁለት ዓመታት አሰበችና አዘነችለት። ወደ ቤቷ ስትሄድ መንገዱን ሙሉ ለአቶ ገዳሙ የምትናገረውን እያዘጋጀች ነበር። ንዴቷ ደስ የሚል ዓይነት ንዴት ነበር፤ ጥፋተኛው ሌላ ሰው የሆነበት።

ያ ንዴት ከገበያው ቀን አላለፈም።

አባቷ አቶ ሱሩር ከመናኸሪያው ጀርባ ሱቅ አላቸው። ታላቅ ወንድሟ ፈሐድ ሱቁን ይይዛል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ሰው ስለሚበዛ ፈውዚያም ታግዛለች። ፌስታል ከተከለከለ ወዲህ ጨውም፣ ስኳርም፣ ሻይ ቅጠልም ጥቂት ጥቂት የሚሸጠው በወረቀት እየተጠቀለለ ነው። ያለቀ ደብተር፣ የድሮ የፈተና ወረቀት፣ የተገኘው ሁሉ ከባንኮኒው ሥር ካርቶን ውስጥ ይቀመጣል። ወረቀቱን የሚያመጣው ፈሐድ ነው።

አንዲት ሴት ሻይ ቅጠል ጠየቁ። ፈውዚያ ከካርቶኑ አንድ ወረቀት መዝዛ ቅጠሉን ልትጨምርበት ስትል ገጹ ጥግ ላይ ክብ ሰማያዊ ማህተም አየች። ማህተሙን ማንበብ አላስፈለጋትም። ከልጅነቷ ጀምሮ በከፈተችው መጽሐፍ ሁሉ ላይ ያየችው የቤተ መጻሕፍቱ ማህተም ነው። ከሥሩ ስለ ተወርዋሪ አካላት የሚያትት ምዕራፍ ይጀምራል። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፊዚክስ።

«ምነው ልጄ፣ ደኸና አይደለሽም?» አሏት ሴትየዋ።

ደኅና ነኝ አለች። ሻይ ቅጠሉን በሌላ ወረቀት ጠቅልላ ሰጠቻቸውና ጎንበስ ብላ ካርቶኑን ፈተሸች። ከላይ ደብተር ነው። ከደብተሩ ሥር ሽፋናቸው የተገፈፈ መጻሕፍት ተደራርበዋል፤ አንዳንዱ ግማሽ ድረስ ተገንጥሎ አልቋል።

መጀመሪያ ያሰበችው ደግ ደጉን ነው። አንድ ሌባ በኪሎ ሸጦለት ይሆናል፤ ፈሐድም ሳያይ ገዝቶት ይሆናል አለች። እንደዚያ እንዲሆን በጣም ስለፈለገች ገበያተኛው እስኪያልፍ ድረስ ሳትጠይቀው ቆየች። ሱቁ ጭር ሲል ገጹን ባንኮኒው ላይ ዘረጋችው።

«ይሄን ከማን ገዛኸው?»

ፈሐድ ማህተሙን አየ፤ እሷን አየ። ሊዋሽ ይችል ነበር፤ እሷም ልታምነው ዝግጁ ነበረች።

«አልገዛሁትም» አለ።

ፈውዚያን ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ለመጀመሪያ ጊዜ እጇን ይዞ የወሰዳት ፈሐድ ነው። ገና አንደኛ ክፍል ነበረች። ትንሿ ጠረጴዛ ላይ ሥዕል ያለበት መጽሐፍ ከፍቶ አስቀምጧት እሱ ከትልልቆቹ ጋር ያጠና ነበር። ለብሔራዊ ፈተናው ሲዘጋጅ ደግሞ እንደ ተከራዮቹ ሲከፈት ገብቶ ሲዘጋ ይወጣ ነበር፤ ፈተናው በጸጥታው ምክንያት ሲራዘምም አልተወም። ውጤቱ የመጣ ዕለት ከክፍሉ ያለፈ አንድም ልጅ አልነበረም። ፈሐድ ስልኩን አጥፍቶ ሱቅ ገባ። ከዚያ ወዲህ ስለ ትምህርት ሲያወራ የሰማው የለም።

«እዚያ ወንበር ላይ ስንት ዘመን እንደተቀመጥኩ ታውቂያለሽ» አለ። ድምፁን ከፍ አላደረገም። «ምን ሆንኩ? ሻይ ቅጠል እመዝናለሁ። እንግዲያው መጽሐፉም ለሻይ ቅጠል ይሁን አልኩ።»

«ሌሎቹ ልጆችስ? እነ አማረስ?»

«እነሱም እንደኔ ይወድቃሉ። ባይደክሙ ይሻላቸዋል።»

እንዴት እንዳወጣቸው ጠየቀችው። ጃኬቱ ሥር አድርጎ እንደሆነ፣ በር ላይም ማንም ፈትሾት እንደማያውቅ ነገራት። የሱሩር ልጅ ነዋ፤ ማን ይጠረጥረዋል? «ጋሽ አወቀ እንዲያውም ሲያዩኝ ደስ አላቸው» አለ። «‹ጎበዝ፣ አሁንም አልተውክም› አሉኝ።» ይህን ሲል ድምፁ ተሰበረና ፊቱን ወደ መደርደሪያው አዞረ።

ፈውዚያ ልትጮህበት ነበር የፈለገችው፤ እንባዋ ቀደማት። በዚያች ሰዓት ወንድሟን ጠላችው፤ አዘነችለትም። ሁለቱ ስሜቶች አንዱ አንዱን አላሸነፈም።

ትንሽ ቆይታ መላ ያገኘች መሰላት። የተረፉትን መጻሕፍት በማዳበሪያ ከረጢት አድርገው በማለዳ ቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ ቢያስቀምጧቸውስ? ስም አይጠራ፣ ሰው አይጎዳ። ግን ሐሳቡን ገና ሳትጨርሰው የወይዘሮ ማሬ ድምፅ በጆሮዋ መጣ፤ «አላልኳችሁም? ተከራዮቹ ፈርተው መለሱ።» ያኔ አማረና ጓደኞቹ ተጠርጣሪ መሆናቸው ቀርቶ ሌባ ይሆናሉ።

«አንተ ራስህ ሄደህ ንገራቸው» አለችው።

«ሙድ አትያዢብኝ።»

«የምሬን ነው፣ ፈሐድ።»

«እኔም የምሬን ነው። ስሜን ካነሣሽ እዚህ ከተማ አታገኝኝም። ወላሂ፣ በነጋታው ነው የምሄደው።» የሚሄድበትን አልተናገረም። ከሰፈራቸው የሄዱት ልጆች የት እንደሄዱና ስንቶቹ ስልክ እንደደወሉ ግን ፈውዚያ ታውቃለች።

ሸክሙ ስለከበዳት ለአባቷ ነገረቻቸው። አቶ ሱሩር በሚዛን የማይታሙ ሰው ናቸው፤ ለልጅ ሲሸጡ እንኳን ሚዛኑ ወደ ገዢው ካላጋደለ አይረኩም። አባቴ ትክክለኛውን ያደርጋል፣ እኔም እገላገላለሁ ብላ ነበር። አባቷ ከመግሪብ ሶላት እንደተመለሱ ሁሉንም ሰሟት። ከዚያ ተነሥተው ሱቅ ሄዱና ካርቶኑን ተሸክመው መጡ። ጓሮ ወስደው እሳት ለቀቁበት።

ፈውዚያ ደጃፉ ላይ ቆማ አየች። መጽሐፍ ቶሎ አይቃጠልም። ዳር ዳሩ ጠቁሮ መሐሉ ይቀራል፤ አባቷ በእንጨት እየገለጡ ገጽ በገጽ አቃጠሉት።

«እዚህ ከተማ አባቴም ነግዶበታል» አሉ ዓይናቸውን ከእሳቱ ሳያነሡ። «የጎደለ ነገር በእኛ ስም ተጠርቶ አያውቅም። መጽሐፉን ውሎ አድሮ ገዝተን እንተካለን፤ ለሰው ሳንናገር።»

«ፈተናው ካለፈ በኋላ ለማን ይጠቅማል፣ አባዬ?»

«ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ልጄ። ኮሚቴው ራሱ ‹የአንቺ ሥራ መስማት ነው› ብሎሽ የለም? ስሚ እንግዲህ።»

እሳቸውም ቃሉን አላልተው ነበር የወሰዱት። ፈውዚያ ክርክሩን ተወችው። ደንግጣ ሳይሆን፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ቃሉ እንደዚያ ሲነበብ ስለተመቻት ነው። ሰሚ ናት። ሰሚ ደግሞ አይጠየቅም። ይህን ማሰቧ አሳፈራት፤ ማሰቡን ግን አልተወችም።

በቀጣዮቹ ቀናት ቤተ መጻሕፍቱን በሩቅ ዞረችው። አንድ ቀን ብቻ ዘልቃ ገባች። ቀድሞ ወንበር የማይገኝበት አዳራሽ ባዶ ነበር። አንድ ጥግ ላይ ሁለት የከተማ ልጆች ስልክ ያያሉ። ጋሽ አወቀ ማንም ያልነካውን ጠረጴዛ ይወለውላሉ። «ዛሬም ዝናብ ነው» አሏት። ፈውዚያ ቁጭ ሳትል ወጣች።

ስብሰባው አንድ ቀን ሲቀረው አማረ ወደ ሱቁ መጣ። ፈውዚያ ከትምህርት ቤት ተመልሳ ባንኮኒው ጋ ነበረች፤ ፈሐድ ሳሙና ይደረድራል። አማረ ሰላም ብሏቸው ከኪሱ በጥንቃቄ የታጠፈ ወረቀት አወጣ። ዘረጋው። መሐሉ ጨው ያነፈረው፣ ግን በእጅ ተዳምጦ የተስተካከለ ገጽ ነበር።

«ባለፈው ጨው የገዛሁበት ነው» አለ። «አንዲት ምሳሌ እየሠራሁ ግማሽ ላይ ተቆረጠችብኝ። የዚህ ቀጣይ ገጽ ካለ ብታዪልኝ ብዬ ነው።»

አውራ ጣቱ የገጹ ጥግ ላይ ነበር። ፈውዚያ መጀመሪያ አላስተዋለችም። ከጣቱ ጠርዝ የሰማያዊ ክብ ቁራጭ ብቅ ብሎ ስታይ ነው ጣቱ ለምን እዚያ እንዳረፈ የገባት። ማህተሙን ፈሐድ እንዳያየው ይዞላታል። ወይም እሷ እንዳታፍር። አንድ የስድብ ቃል ቢናገራት ይቀላት ነበር።

ፈሐድ የደረደረውን ሳሙና አፍርሶ እንደገና መደርደር ጀመረ።

«የለም» አለች ፈውዚያ። ድምፅዋ የራሷ አልመስል አላት። «ሌላው አልቋል።»

«እሺ፣ ምንም አይደል።» አማረ ወረቀቱን ባንኮኒው ላይ ተወው። «ይሄም እዚሁ ይቀመጥ። ግማሽ ምሳሌ ምን ያደርግልኛል? ቅዳሜ ዕቃ ስለማበዛ ነው።» ተሰናብቷቸው ወደ ካፊያው ወጣ።

ፈሐድ አልዞረም። ፈውዚያ ገጹን አጥፋ ደብተሯ ውስጥ ከተተችው። ከተቃጠለው ሁሉ የተረፈው እሱ ብቻ ነበር።

ሐሙስ ከሰዓት ፈሐድ ሱቅ ውስጥ ነበር፤ ስታልፍ ቀና ብሎ አላያትም። ልትጠራው አፏን ከፍታ ተወችው። አባቷ ደጃፍ ድረስ ሸኟትና «ስትጨርሺ በቀጥታ ወደ ቤት» ብቻ አሏት።

ስብሰባው ብዙ ጊዜ የሚወስድ አይመስልም ነበር። ወይዘሮ ማሬ ክልከላው ከተጀመረ ወዲህ አንድም መጽሐፍ እንዳልጠፋ፣ ይህም ሌቦቹ ማን እንደነበሩ እንደሚያሳይ ተናገሩ። እውነታቸውን ነው፤ አንድም አልጠፋም። የጠፉትን የሚያውቀው ግን እሳቱ ነው። አቶ ገዳሙ ውሳኔው እንዲጸና ሐሳብ አቀረቡና በየተራ ጠየቁ። ሁለቱ ሰዎች ራሳቸውን ነቀነቁ። ጋሽ አወቀ «ልጆቹ እኮ ያሳዝናሉ» ብለው ጀምረው መሐል ላይ ተዉት። ተራው ፈውዚያ ጋ ሲደርስ አቶ ገዳሙ ዘለሏት፤ በክፋት አይደለም፣ ወንበሩ ባዶ ቢሆንም እንደዚያው ያደርጉ ነበር።

ዝም ብትል ማንም ምንም አይላትም። ደንቡ ራሱ አብሯት ነው። ነገ አባቷ ለሶላት በኩራት ይሄዳሉ፤ ፈሐድ ሱቅ ውስጥ ይኖራል። ከነገ ወዲያ አማረ ከአባቱ ጋር ከገበያው ወደ ዲማ ይመለሳል፤ ሌቦቹ መሐል ተቆጥሮ። ከዚያ በኋላ ዕድሜዋን ሁሉ «እኔ ሰሚ ነበርኩ» እያለች ትኖራለች።

«አቶ ገዳሙ፣ አንቀጹን እኔ ላንብበው?» አለች።

ሰውየው ገረማቸው። ነገር ግን ተማሪ ላንብብ ሲላቸው ከልክለው አያውቁም፤ ልማድ ሆኖባቸው ደንቡን ገፋ አደረጉላት። ፈውዚያ እንደ ክፍል ውስጥ ብድግ አለች።

«የተማሪዎች ተወካይ በኮሚቴው ስብሰባ ላይ ይሰማል።»

የመጨረሻውን ቃል አጠበቀችው። አቶ ገዳሙ ሊያርሟት አፋቸውን ከፈቱ። ቃሉን ለራሳቸው ደግመው አነበቡት፤ ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ ታየ። ስህተት ነው ማለት አልቻሉም፤ ይህንኑ ጉዳይ ለስንት ተማሪ ሲያስተምሩ የኖሩ ናቸው። ቀስ ብለው ወደ ወንበራቸው መደገፊያ ተለጠጡ።

«ተናገሪ እንግዲህ» አሉ።

ፈውዚያ ከደብተሯ ውስጥ ጨው ያነፈረውን ገጽ አውጥታ ማህተሙን ወደ ላይ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። «መጻሕፍቱን የወሰዱት ተከራዮቹ አይደሉም» አለች። ይህ ቀላሉ ነው። ከዚህ በኋላ «ከማናውቀው ሰው ገዛን» ማለት ትችላለች፤ ምላሷ ላይ ተዘጋጅቶ ቀርቧል። ቢጠይቋትም ማን ይመሰክራል?

ጋሽ አወቀ ገጹን አንሥተው በመዳፋቸው ዳበሱት። ቀና ሲሉ ዓይናቸው ውስጥ ቁጣ አልነበረም።

«ማን ነው፣ ልጄ?»

ፈውዚያ የጠረጴዛውን ጠርዝ ያዘች። ሱቁን አሰበች፤ ትንሿን ጠረጴዛና ሥዕል ያለበትን መጽሐፍ አሰበች። ከዚያ የወንድሟን ስም ጠራች።

ሁሉም ሰሙ።